ድሬዳዋ ላይ ለሚሠራ ቤት ውድ የሲኒማ ፕሮጀክተር ይዞ መግባት ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ፦ ከሚኔሶታ

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ ሳቢያን ያስጀመርነው ቤት የማጠናቀቂያ ሥራ ላይ ደርሷል። ወላጆቼ ይኖሩበታል፤ እኔና ባለቤቴም እዚህ ብርዱ ሲበረታ ልጆቹን ይዘን እየሄድን የምንቆይበት ይሆናል። ሳሎኑ ሰፊ ስለሆነ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፊልምና ኳስ የሚያይበት ትልቅ ስክሪን እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ለረጅም ጊዜ ስመኘው የቆየሁት የሶኒ ኤክስደብልዩ5000 ፕሮጀክተር ነው፤ በ2022 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 6,000 ዶላር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ትላላችሁ? እዚያ የምትኖሩ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

ወንድሜ፣ እንኳን ቤቱ ለዚህ በቃ። እኛም ከውጭ ተመልሰን እዚሁ ከተማ ቤት ያደራጀን ነንና እንደ እህት የማምንበትን ልንገርዎ፦ ለሳሎኑ ከሆነ አይግዙት።

በመሣሪያው ጥራት ላይ ክርክር የለኝም። 3840 በ2160 ነጥቦች ያሉት እውነተኛ ፎርኬ ምስል ይሰጣል፤ በሌዘር ይሠራል፤ ብርሃኑም 2,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። ነገር ግን ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለምን ማውጣት አይችልም፤ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ብርሃን ያላረፈበት የስክሪኑ ክፍል ነው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሚገባ ብርሃን ሁሉ ያንን ጥቁር ወደ ግራጫ ይለውጠዋል። የውድ ፕሮጀክተር ዋጋ ደግሞ አብዛኛው የሚከፈለው ለዚያ ጥቁር ነው።

የእኛን ሳሎን ያውቁታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንዲገባ በሩም መስኮቱም ይከፈታል፤ ከግቢው ሲሚንቶ ላይ የሚነሣው ፀሐይ በበሩ መጋረጃ ሥር አልፎ የሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ላይ ያርፋል፣ ከሴራሚኩ ወደ ኮርኒሱ፣ ከኮርኒሱም ወደ ነጩ ግድግዳ ይመለሳል። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። እናትዎን በዚህ ሰዓት በሩ ይዘጋ፣ መጋረጃው ይውረድ ማለት አይቻልም፤ ቢቻልም አልመክርም፤ ቤቱ የተሠራው ለእርሳቸው ነውና። ማታ መብራቱ ቢጠፋ እንኳ ነጭ ግድግዳና ነጭ ኮርኒስ ከስክሪኑ የሚወጣውን ብርሃን መልሰው ስክሪኑ ላይ ስለሚያሳርፉት፣ በ6,000 ዶላር የተገዛው ምስል እጅግ በቀነሰ ዋጋ ከሚገኘው ብዙም ሳይለይ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀቱ ነው። አምራቾቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲሠሩ ይወስናሉ። በግንቦትና በሰኔ ግን የድሬዳዋ ቀትር ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ፕሮጀክተሩ የሚሰቀለውም የቤቱ ትኩስ አየር ወደሚከማችበት ወደ ኮርኒሱ ተጠግቶ ነው። ኤሲ በሌለበት ክፍል መሣሪያው ራሱን ለመከላከል ይጠፋል፤ ይህ ሲደጋገም ዕድሜውን ይበላዋል።

አቧራውን ደግሞ አቅልለው እንዳያዩት። እኛ ቤት ያለው መካከለኛ ፕሮጀክተር ነው፤ ከተማውን አቋርጦ ከሚያልፈው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በኩል ነፋስ በበዛበት ሰሞን የአየር ማጣሪያውን አውጥተን ስናየው ቀዳዳዎቹ እንደ ተባዘተ ጥጥ በሚመስል ግራጫ አቧራ ተደፍነው እናገኛለን፤ ጣት ሲያርፍበት ደቃቁ አሸዋ ይቆረቁራል። ማጣሪያው ሲደፈን መሣሪያው ይግላል፣ አልፎ የገባው አቧራ ደግሞ ሌንሱና ውስጠኛው ክፍል ላይ ሲያርፍ ምስሉ ላይ የደበዘዘ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። እርስዎ በሌሉባቸው ወራት ያንን ማጣሪያ ማን እየወጣ ያጸዳዋል? ወላጆችዎ መሰላል ላይ እንዲወጡ እንደማይፈልጉ አውቃለሁ።

ስለ መብራቱ፣ ሌዘር ከድሮው አምፖል ይሻላል። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር መብራት በድንገት ሲሄድ ማራገቢያው ስለሚቆም አምፖሉ እንደ ጋለ ይቀራል፤ ሌዘር በዚህ ረገድ ያን ያህል አይጎዳም። ሆኖም የኃይሉ መውጣትና መውረድ ቦርዱን ሊያቃጥል ስለሚችል ኃይሉን የሚያስተካክል ጥሩ ስታብላይዘርና መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ከዋጋው ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው። አምራቹ ለሌዘሩ 20,000 ሰዓት ይሰጠዋል፤ በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢታይ 18 ዓመት ማለት ነው። ነገር ግን እዚህ አገር መሣሪያውን ቀድሞ የሚገድለው ሌዘሩ ሳይሆን አቧራው ወይም የኃይል መለዋወጡ ነው፤ አሜሪካ የተሰጠ ዋስትናም ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው እዚያው ነው። በተጨማሪም ይህ ፕሮጀክተር የራሱ ድምፅ ማጉያ ስለሌለው አምፕሊፋየርና ስፒከር ለብቻው ያስፈልጋል። ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ 120 ቮልት ብቻ ስለሚቀበሉ የእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰኩ ይቃጠላሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ጉምሩክም ቀረጡን የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ የመጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ደምሮ ነው፤ ከዚያ በላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ።

ቤተሰቡ የሚያየውንም ያስቡ። ከዲሽ የሚመጡት ቻናሎች ቢበዛ ኤችዲ፣ ማለትም ከፎርኬ ያነሰ ጥራት ያላቸው ናቸው፤ ዩቲዩብ ላይ ያሉት የአማርኛ ፊልሞችም በአብዛኛው እንደዚያው ናቸው። ፎርኬ ፊልም በኢንተርኔት ለማየት ኔትፍሊክስ በሰከንድ 15 ሜጋቢት የማያቋርጥ ፍጥነት ይጠይቃል። ለሳሎኑ እዚሁ አገር ዋስትና ያለው 75 ወይም 85 ኢንች ቴሌቪዥን ቢገዙ አባትዎ በር ተከፍቶ፣ እንግዳ ተቀምጦ ኳሳቸውን ያያሉ።

ጥያቄ፦ ከሚኔሶታ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳሎኑን ተውኩት። ከጓሮ በኩል ግን አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያላት፣ ገና ያልተቀባች ክፍል አለች። እሷን ለዚሁ ብቻ ብናደርጋትስ? የባለቤቴ ወላጆች ሐረር ናቸውና ምናልባት ለእነሱ ቤት ይሻል እንደሆነም ንገሪኝ።

መልስ፦ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

እንዲህ ከሆነ መልሴ ይለወጣል። የሚዘጋ፣ ኤሲ ያለው፣ ግድግዳውና ኮርኒሱ በማያብረቀርቅ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ግራጫ የተቀባ ክፍል ካለ ፕሮጀክተር ከማንኛውም ቴሌቪዥን የበለጠ ደስታ ይሰጣል። ያኔም ቢሆን በኤፕሰን ኤልኤስ12000 እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ በ2022 ሲወጣ ዋጋው 5,000 ዶላር ገደማ ነበር፣ ብርሃኑ 2,700 ሉመን ነው። ፎርኬውን የሚሠራው እንደ ሶኒው ሁሉንም ነጥቦች ይዞ ሳይሆን ጥቂቶቹን በፍጥነት በማንቀሳቀስ ቢሆንም፣ 221 በ125 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 100 ኢንች ስክሪን ላይ ከሦስት ሜትር ተኩል ርቀት ተቀምጦ ልዩነቱን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። የሚተርፈውን ገንዘብ ለድምፅ ያውሉት።

ሐረር ሙቀቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከተማው 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ መሣሪያውንም እንደሚገባ አያቀዘቅዝም። ሶኒም ኤፕሰንም ከ1,500 ሜትር በላይ መሣሪያው ላይ የከፍታ ማስተካከያው እንዲበራ ያዝዛሉ፤ ያኔ ማራገቢያው ይፈጥናል፣ ድምፁም ይጨምራል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ይህ አያስፈልገውም። የባለቤትዎ ወላጆች ቤት ጀጎል ውስጥ ያለ ነባር የሐረሪ ቤት ከሆነ፣ ነደባው (ደረጃ ደረጃ ያለው መቀመጫ መደብ) ያለበት ክፍል ብርሃን የሚገባው በበሩ ስለሆነ ጨለማው ይመቻል፤ ግን ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው፣ ያንን አውርዱ ብሎ ስክሪን መስቀል አይገባም።

ቀለም ቀቢው ወደ ጓሮው ክፍል ሳይደርስ ኤሌክትሪሻኑን ያነጋግሩት። ከአምፕሊፋየሩ ቦታ እስከ ኮርኒሱ ሰፋ ያለ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ይቅበርልዎ፤ ምስሉን ወደ ፕሮጀክተሩ የሚያደርሰው ኤችዲኤምአይ ገመድ ከአሥር ሜትር ሲያልፍ ተራው ምስሉን ስለሚያቆራርጥ የፋይበሩን ዓይነት ያስገቡበታል፤ ጫፉም ሰፊ ስለሆነ በጠባብ ቱቦ አያልፍም።