ክርክር፦ ቼክ ያሉ ስሎቫኮች የራሳቸው ትምህርት ቤት ያስፈልጋቸዋል?

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ርዕስ ትንሽ ራቅ ያለ ነው። ቼኮስሎቫኪያ በጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ለሁለት ስትከፈል ቼክ በኩል የቀሩ ብዙ ስሎቫኮች ነበሩ። በ1991 ቆጠራ 315 ሺህ ገደማ ናቸው። በአንድ ሌሊት የገዛ አገራቸው ለሁለት ተከፍሎ አናሳ ብሔረሰብ ሆኑ። እዚያ አገር ፖላንዶች በቋንቋቸው የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት አላቸው። ስሎቫኮች የላቸውም። ሊከፈትላቸው ይገባል ወይስ አይገባም?

ሁለት ሕግ። አንደኛ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ አገር ቤት ፖለቲካ የሚጎትተን ኮመንት ይጠፋል። እጃችሁን እንደሚበላችሁ አውቃለሁ፤ ቻሉት።

ቢኒያም
እኔ ልጀምር። አያስፈልግም።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው ችግር ሲኖር ነው። እዚህ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ስሎቫኩ ቼክኛ ይሰማል፣ ቼኩም ስሎቫክኛ ይሰማል። በ2004 የወጣው የቼክ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በግልጽ ጽፎታል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተህ ጉዳይህን በስሎቫክኛ ማስረዳት ትችላለህ። ወረቀትህንም በስሎቫክኛ ታስገባለህ። አስተርጓሚ አያሻህም። ይህን ዕድል በስም የተሰጠው ቋንቋ ስሎቫክኛ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፈተናውንም የመመረቂያ ጽሑፉንም በስሎቫክኛ ይቀበላሉ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ የስሎቫኪያ ተማሪ እዚያ አለ፤ ትምህርቱም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ነው።

እና ትምህርት ቤቱ ነበረ እኮ። ካርቪና የሚባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የስሎቫክ ትምህርት ቤት ነበር። ማንም በጉልበት አልዘጋውም። ልጅ ጠፍቶ ነው የተዘጋው። በ1990ዎቹ ፕራግ ላይም የስሎቫክ ሁለተኛ ደረጃ ለመክፈት ተሞክሮ ተመዝጋቢ ጠፋ። ወላጅ በእግሩ ድምፅ ከሰጠ በኋላ እኛ ማን ነን?

ሰላማዊት
ቢኒ፣ የጠቀስከው ሁሉ ልክ ነው። ግን የጠቀስከው የትልልቅ ሰዎችን ኑሮ ነው። መሥሪያ ቤት የሚሄደው ትልቅ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ስሎቫኪያ ተምሮ የመጣ ነው። እዚያው ቼክ የተወለደው የሰባት ዓመት ልጅስ?

ቁጥሩን ተመልከት። 1991 ላይ 315 ሺህ። 2001 ላይ 193 ሺህ። 2011 ላይ 147 ሺህ። በ2021 «ስሎቫክ ነኝ» ብቻ ብለው የጻፉት 96 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ከሌላ ብሔር ጋር ደርበው የጻፉም አሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የት ገቡ? ልጆቻቸው ቼክ ሆኑ፣ አለቀ። ፖላንዶቹ ሲሌዥያ በሚባለው የፖላንድ ድንበር አካባቢ ተሰብስበው ስለሚኖሩ ትምህርት ቤትም አላቸው፣ የመንገድ ምልክታቸውም በሁለት ቋንቋ ነው። የ2001 የአናሳዎች ሕግ ለምልክቱ ከነዋሪው 10 በመቶ መሙላትን ይጠይቃል። ስሎቫኩ አገሩ ላይ ተበትኗል። 10 በመቶ የት አባቱ ይሞላል? ሕጉ ሲጻፍ ለተበተነ ሕዝብ አልታሰበም።

ቢኒያም
የቆጠራ ጥያቄው በግዴታ አይመለስም። በ2011 ከሕዝቡ ሩቡ ያህል ቦታውን ባዶ ነው የተወው። ደግሞ የስሎቫኪያ ፓስፖርት ይዘው እዚያ የሚኖሩት ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። ጠፉ አትበይኝ።

ሰላማዊት
የኋለኞቹ አዲስ መጤዎች ናቸው። እኔ የማወራው ስለ ነባሮቹ ነው።

ጋሽ ታደሰ
ልጆች፣ እኔ በ80ዎቹ ብርኖ የምትባል የቼክ ከተማ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ፣ ይረዝማል።

ነባሮቹ እንዴት እንደመጡ ሳታውቁ ትከራከራላችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሦስት ሚሊዮን ያህል ጀርመኖች ከቼኮስሎቫኪያ ተባረሩ፤ አብዛኞቹ ከቼክ ጠረፍ። ባዶ የቀረውን ቤትና መሬት የሚሞላ ሰው ተፈለገ። ከስሎቫኪያ ገጠር ብዙ ሰው ሄደ። ከዚያ የኦስትራቫና የካርቪና ከሰል ማውጫ፣ ብረት ፋብሪካው፣ ሌላም ሌላም ጠራቸው። ፌዴሬሽኑ በ1969 ሲቋቋም ደግሞ ፕራግ ላይ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሆን ስሎቫክ ባለሥልጣንና ፀሐፊ አስፈለገ። ፕሬዚዳንቱ ሁሳክ ራሱ ስሎቫክ ነበር። አያችሁ፣ ስደተኛ አልነበሩም። መንግሥት ሥራ ባዘዛቸው ቦታ የሰፈሩ ዜጎች ናቸው።

በእኛ ጊዜ የቴሌቪዥን ዜና አንዱ አንባቢ በቼክኛ፣ ሌላዋ በስሎቫክኛ ነበር የሚነበበው። ማንም ግራ አይጋባም። ዶርም ውስጥ እያንዳንዱ በቋንቋው ያወራል፣ ይግባባሉ። እኔ ግን መከራዬን አየሁ፤ ቼክኛ ተምሬ የመጣሁት ሰውዬ ግማሹን ሰው አልሰማውም ነበር!

እና ሲለያዩ ሕዝቡን አልጠየቁም። የቼኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ክላውስና የስሎቫኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜቺያር በኦገስት 1992 ብርኖ ውስጥ፣ ቱገንድሃት የሚባል ቪላ ግቢ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ሕዝበ ውሳኔ የሚባል ነገር አልተደረገም። ፈረንጆቹ «የቬልቬት ፍቺ» ይሉታል፣ ደም ስላልፈሰሰበት። ደግ። ግን ባልና ሚስት ሲፋቱ ቀለብ የሚቆረጠው ለልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ቀለባቸው ማን ጋ ነው?

ኖህ
ጋሼ እንዴት አድርገው ነገሩት! የእርስዎን ኮመንት ለብቻው ሴቭ አድርጌዋለሁ።

ዮናስ ከፕራግ
እኔ እዚሁ ነኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ ስሎቫክ ናቸው። የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሐኪም፣ ነርስ። ስለ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲያነሳ የሰማሁት የለም። «አናሳ ብሔረሰብ» ስትሏቸው ይስቁባችኋል። «እኛ እኮ ቤታችን ነን» ነው መልሳቸው።

አንድሬይ ባቢሽን እዩት። ብራቲስላቫ የተወለደ ሰው በ2017 የቼክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ቼክኛው ውስጥ ስሎቫክኛ እየገባበት ነው የሚናገረው። ተመርጧል። ከዚህ በላይ ተቀባይነት ምን ትፈልጋላችሁ?

ይልቅ የጎዳቸው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ብራቲስላቫ። በ2010 ከሃንጋሪ ጋር በዜግነት ጉዳይ ተካረው፣ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ስሎቫክ የራሱን ያጣል የሚል ሕግ አወጡ። ለሃንጋሪ የተወረወረው ድንጋይ ፕራግ ያለውን ስሎቫክ ነው የመታው። ቼክ ከ2014 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ፈቅዳለች፤ የከለከለው የገዛ አገሩ ነበር። በ2022 ነው ላላ ያደረጉት።

ሰላማዊት
ዮኒ፣ ባቢሽ ቢሊየነር ነው እኮ! በአነጋገሩ ስንት ቀልድ እንደተቀለደበት አንተ እዚያ ሆነህ አልሰማህም? ቢሊየነር ሲቀለድበት ይስቃል። አንደኛ ክፍል ያለች ልጅ ስትሆን ቤቷ ሄዳ እናቷን «በስሎቫክኛ አታውሪኝ» ነው የምትለው።

ሌላው ደግሞ መግባባቱ እንደ ጋሽ ታደሰ ዘመን አይደለም። ስሎቫኪያ ያለ ልጅ ዛሬም የቼክ መጽሐፍ ያነባል፣ በቼክኛ የተተረጎመ ፊልም ያያል። ከ1993 በኋላ የተወለደው የቼክ ልጅ ግን ስሎቫክኛ እምብዛም አይሰማም፤ የጋራው ቴሌቪዥን ቀርቷል። ስለዚህ መግባባቱ በአንድ በኩል እየከሳ ነው። ሕጉ ግን ሁለቱም እኩል ይሰማማሉ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ማህሌት
ይቅርታ፣ እስካሁን አንድ ሰው እንኳ ሮማዎችን (ብዙ ሰው «ጂፕሲ» የሚላቸውን ሕዝብ) አላነሳም። ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎም ዘለሏቸው።

የቼክ ሮማዎች ከሞላ ጎደል በናዚ ዘመን ነው ያለቁት። ዛሬ ቼክ ውስጥ ያሉት ሮማዎች አብዛኞቹ ከጦርነቱ በኋላ ከስሎቫኪያ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ያው እርስዎ ያሉት ከሰልና ፋብሪካ ነው ያመጣቸው። አገሪቱ ስትከፈል በወረቀት ላይ «የስሎቫክ ሪፐብሊክ ዜጋ» ተብለው የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ። ብዙዎቹ እዚያው ቼክ የተወለዱ ናቸው። የቼክ ዜግነት ለማግኘት ማመልከት ነበረባቸው። ሕጉ ደግሞ ሁለት ዓመት ቋሚ ነዋሪነትና አምስት ዓመት ከወንጀል ነፃ መሆንን ጠየቀ። ለጥቃቅን ስርቆት የተፈረደበት ሰው ሳይቀር ከተወለደበት አገር ዜግነት ውጪ ሆነ። የአውሮፓ ምክር ቤትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጮኹበት። ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው በ1999 ነው።

ሐኪሙና የኮምፒውተር ባለሙያው «ቤታችን ነን» ቢሉ አይገርመኝም። ያንን ማለት የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ቢኒያም
ማሂ፣ ከባድ ነገር ነው ያነሳሽው። ግን ይህ የዜግነት ጉዳይ ነው፤ ርዕሱ ትምህርት ቤት ነው።

ማህሌት
ትምህርት ቤትም ይሁንልህ። የኦስትራቫ 18 የሮማ ልጆች የአእምሮ ውስንነት ላለባቸው ወደሚባል ልዩ ትምህርት ቤት ተላኩ። በ2007 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ቼክ አድልዎ ፈጽማለች ብሎ ፈረደ። በኦስትራቫ የሚኖሩ ሮማዎች ቤተሰባቸው ከየት መጣ? ከስሎቫኪያ። ልጁ ቤት ውስጥ የሚሰማው ሮማኒ፣ ስሎቫክኛና ቼክኛ የተቀላቀለበት ነው። ፈተናው ግን ለቼክ ልጅ የተዘጋጀ። እና እዚህ «ሁሉም ይግባባል» ትሉኛላችሁ።

ዮናስ ከፕራግ
እነሱ ራሳቸውን ስሎቫክ ብለው አይመዘግቡም እኮ።

ማህሌት
ሮማም ብለው አይመዘግቡም፣ ብዙዎቹ። ለምን ይመስልሃል?

ጋሽ ታደሰ
ማህሌት ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ አነሳሽው። ብርኖ ውስጥ በእኔ ጊዜ የሚኖሩበት ሰፈር ለብቻው ነበር። ትራም ውስጥ ሰው አጠገባቸው አይቀመጥም። አጠገቤም የማይቀመጥ ነበር፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ።

ቢኒያም
እሺ፣ የኔን ነጥብ ላጥብበው። የስሎቫክ መጽሔቶች የቼክ መንግሥት ድጎማ ያገኛሉ። የቼክ ራዲዮ ለእነሱ ፕሮግራም አለው። ፕራግ ውስጥ ሊምቦራ የሚባል የባህል ጭፈራ ቡድን አላቸው። በመንግሥት የአናሳዎች ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አላቸው። ይሄ ሁሉ ይቀጥል። ሕንፃ ተከራይቶ፣ ዳይሬክተር ቀጥሮ፣ ሰባት ልጅ ላለው ክፍል ግን ገንዘብ አይውጣ። ያ ገንዘብ ማህሌት ላለቻቸው የኦስትራቫ ልጆች ረዳት መምህር ይቅጠርበት።

ሰላማዊት
እኔም ሕንፃ አላልኩም። ፕራግ፣ ብርኖና ኦስትራቫ ላይ፣ በመደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለሚፈልግ ልጅ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ስሎቫክኛ። መምህሩን መፈለግ እንኳ አይከብድም፤ በየዩኒቨርሲቲው ስሎቫክ ተማሪ ሞልቷል። አሥር ልጅ የሞላበት ቦታ ይከፈት። 10 በመቶ ሳይሆን አሥር ልጅ።

ቢኒያም
ከአሥር ልጅ ስድስቱ በሁለተኛው ወር ይቀራሉ። እኔ የማውቀው የቅዳሜ ትምህርት ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያልቀው።

ሰላማዊት
አራቱስ?

አወያይ
ድምፅ መስጫውን ከፍቻለሁ። ሀ፦ ትምህርት ቤት ይከፈት። ለ፦ የሰላማዊት ሁለት ክፍለ ጊዜ። ሐ፦ አሁን ያለው ይበቃል። እስከ እሑድ ማታ።

ማህሌት
የረዳት መምህሩ ነገር የለበትም። ቢኒ ራሱ ነው ያመጣው።

አወያይ
«መ» ብዬ ጨምሬዋለሁ። አንድ የአገር ቤት ኮመንትም አጥፍቻለሁ፤ ባለቤቱ ራሱን ያውቃል።