ከጎንደር ጀርመን ዕቃ ለመላክ ማንን ልመን?

የማራኪዋ
ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። እህቴ ያለችው ፍራንክፈርት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። እማዬ ደግሞ የአራስ ቤት ዕቃ ካልላክሁ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ ቡና፣ ጋቢ፣ እና ቅቤ። ቅቤው ሦስት ኪሎ ነው፣ እንዳትስቁብኝ።

ባለፈው ዓመት "ካርጎ እንልካለን" የሚል አንድ ቤት አምነን ሰጥተን ነበር። ደረሰኝ ብለው የሰጡን ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። መጀመሪያ "አዲስ አበባ ገብቷል" አሉን፣ ቀጥሎ "ጉምሩክ ይዞታል"፣ ከዚያ ስልኩ ዝግ። ዕቃው ይኸው እስከ ዛሬ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። አሁን በ44ቱ ታቦት እውነቱን ንገሩኝ፣ ማን ይሻላል? ፖስታ ቤት፣ ዲኤችኤል፣ ወይስ ሰው ሲሄድ ማስያዝ?

የአዘዞ ልጅ
እህቴ፣ የድርጅቱን ስም ከመጠየቅሽ በፊት ወረቀቱን እይ። ዕቃሽን የሚቀበልሽ ሰው ራሱ ላኪ ነው ወይስ ሰብስቦ ለሌላ የሚሰጥ ደላላ? እዚህ ከተማ ካርጎ የሚል ከለጠፈው ብዙው ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢ መሆን በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ግን ዕቃው ሲጠፋ እሱ አዲስ አበባን ይከሳል፣ አዲስ አበባ እሱን ይከሳል፣ አንቺ መሃል ላይ ትቀሪያለሽ። ስለዚህ የንግድ ፈቃዱን እይ፣ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ያዢ፣ መከታተያ ቁጥሩንም ገንዘብ የከፈልሽ ዕለት ተቀበይ። "ነገ በቴሌግራም እልክልሻለሁ" ካለሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።

ፒያሳ ያለው ፖስታ ቤት ሄደሽ ኢኤምኤስ በይ፣ የፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት ማለት ነው። ቁጥሩ በሁለት ፊደል ይጀምራል፣ መሃሉ 9 አሃዝ ነው፣ መጨረሻው ኢቲ ነው፣ ኢትዮጵያ ማለት። ያንን ቁጥር እህትሽ እዚያው ሆና የጀርመን ፖስታ ላይ አስገብታ ታየዋለች። ዲኤችኤል ይፈጥናል ግን ኪስ ያራግፋል። ደግሞ ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የድሮ ዋጋ ይዘሽ እንዳትሄጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ። ፈጣን መልእክት የሚልኩት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም፣ በካርቶኑ ስፋትም ነው። ርዝመት በወርድ በቁመት፣ በሴንቲ ሜትር ታባዢና ለ5000 ታካፍያለሽ። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን 24 ኪሎ ይወጣል። ውስጡ ያለው ጋቢና ትራስ 9 ኪሎ ቢመዝንም የምትከፍይው የ24 ነው። እኔ ጋቢ እንደ አየር ቀላል ነው ብዬ ትልቅ ካርቶን ሞልቼ ሄድኩ፣ ሒሳቡን ስሰማ እግሬ ተብረከረከ። ጋቢውን አየሩ የሚመጠጥ ፕላስቲክ ውስጥ አርገሽ ጨፍልቂው።

ፍራንክፈርት ያለሁ ጎንደሬ
ቅቤውን ተይው!! እማማን አስረጂያቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በግለሰብ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገባም፣ በሻንጣም ሆነ በፖስታ። ቋንጣም ያው ነው። ካገኙት ይጥሉታል፣ በሱ ሰበብ ሌላው ዕቃም ይዘገያል።

የእኔ እናት አንዴ ዝርዝሩ ላይ "የምግብ ዕቃ" ብቻ ብላ ጽፋ ላከች። ጉምሩክ ጠራኝ፣ ሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ፣ ሰውዬው ፊት ካርቶኑን ከፍቼ ሽሮ ምን እንደሆነ በተሰባበረ ጀርመንኛ ሳስረዳ ግማሽ ቀን አለቀ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ ጻፉት፦ የሽንብራ ዱቄት 3 ኪሎ፣ የተፈጨ ቃሪያና ቅመም 2 ኪሎ፣ ከጥጥ የተሠራ ጋቢ 1፣ ዋጋው ይህን ያህል። ስጦታ መሆኑም ይጻፍ። ከሰው ለሰው የሚላክ ስጦታ እስከ 45 ዩሮ ከቀረጥ ነፃ ነው። ግን ዋጋ አሳንሳችሁ አትዋሹ፣ ቢጠፋ ካሳውም በዚያው ባነሰው ዋጋ ነው የሚታሰበው። ቡናውንም ቆልታችሁ አትላኩ። ጀርመን የተቆላ ቡና ላይ በኪሎ የሚታሰብ ግብር አለ፣ ጥሬው ላይ የለም። ቆልታ ጭሱን ብታሸት ለሷም ይሻላታል።

ልደታ ሰፈር
እኔ ሰው ማስያዝ ነው የምመርጠው። በነፃ ይደርሳል፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው።

የአዘዞ ልጅ
@ልደታ ሰፈር ዘመድሽ ከሆነ እሺ። የማታውቂው ተጓዥ "ኪሎ እሸጣለሁ" ብሎ ሻንጣው ላይ የተረፈውን ሚዛን ሲሸጥ ግን ተጠንቀቂ። የሚሄደውም ሰው የሰው ዕቃ ሳይፈታና ሳያይ እንዳይቀበል። ሽሮ ውስጥ ጫት ደብቀው ሰው ያሳሰሩ አሉ። ጀርመንም እንግሊዝም ጫት ክልክል ነው።

ቀበሌ 16
ካነሣችሁት አይቀር፣ የቆየ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ ምናምን ካርቶን ውስጥ አታስገቡ። የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቃል። የአጎቴ ልጅ ከገበያ የገዛው አዲስ መስቀል ራሱ "አሮጌ ይመስላል" ተብሎ ቦሌ ላይ አስቁሞታል።

የማራኪዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሰኞ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ፣ ካርቶኑንም ዛሬ ለካሁት፣ በእናንተ ስሌት 19 ኪሎ መጣ፣ ዕቃው 11 ነው፣ ትንሽ ካርቶን ልፈልግ ነው። የቅቤውን ነገር ለእማዬ ነገርኳት። "አራስ ያለ ቅቤ ምን ልትበላ ነው" ብላ ተቆጥታ ተነሥታ ወጣች።

ፍራንክፈርት ያለሁ ጎንደሬ
ንገሪያት፣ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን በደንብ አድርቃ ትላክ። እዚህ ጨው የሌለው ቅቤ በየሱቁ አለ፣ እኛ እሱን ነው የምናነጥረው። ኮሰረቱ ብቻ ከዚያ ይምጣ፣ እዚህ ያለው ሽታ የለውም።