ጅማ ላይ ለሦስት ሰዓሊ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕይ፦ አዳራሽ፣ የሆቴል ትእዛዝ፣ የወጪ ክፍፍል

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሰዓሊዎች ሆነን ጅማ ላይ ዐውደ ርዕይ ልናዘጋጅ ነው። በአጠቃላይ 34 ሥራ አለን። 32ቱ ወርዳቸው 80፣ ቁመታቸው 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ናቸው። አብዛኛው ዘይት ቀለም ነው፣ ጥቂት አክሪሊክም አለ። ያገኘነው አዳራሽ 8 በ12 ሜትር ሲሆን በርና መስኮቱ ሲደመር 11 ሜትር ያህል ይወስዳል። ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው። በዚህ መሀል አንድ ሆቴል የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በትልቅ ሸራ እንድንሥልለት ጠይቋል፤ ፎቶ ሰጥቶናል፣ ክፍያው ግን «ሥራው ሲያልቅ» ነው ይላል። መቼ ብናደርገው ይሻላል? ሁሉም ሥራ ይገባል? ያለ ሚስማር እንዴት ይሰቀላል? ከሆቴሉ ጋር ምን እንዋዋል? ወጪውንስ በምን እንካፈል? ያልተሸጠውን በኋላ ለአዲስ አበባ ጋለሪዎች ማሳየት እናስባለን።

የሸራ ሰው፦
ከጊዜው ልጀምር፤ ጅማ ላይ ብዙ ነገር የሚበላሸው በጊዜ ምርጫ ነው። ከጥምቀት በኋላ፣ ከጥር 13 እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ምቹ ነው። ዝናቡ አልጀመረም፤ ቡና ተለቅሞ ገንዘብ እጅ የገባበት ወቅትም ነው። ሥዕል የሚገዛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴውና ሆቴሉ ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ አትክፈቱ፤ ዓርብ ቀትር ላይ ጁምአ አለ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሻላል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ የዘንድሮውን ቀን መቁጠሪያ አይታችሁ ቀን ቁረጡ። ሑዳዴ ውስጥ ከገባችሁም መስተንግዶው የጾም ይሁን።

አሁን ወደ ግድግዳው። የ8 በ12 አዳራሽ ዙሪያው 40 ሜትር ነው፤ 11 ሲቀነስ 29 ይተርፋል። በየሥራው መካከልና በሁለቱ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካልተዋችሁ ተመልካቹ አንዱን ሥዕል ሳይጨርስ ሌላው ዓይኑ ውስጥ ይገባል። 17 ትንንሹ 13.6 ሜትር፣ ሁለቱ ትልልቅ 3 ሜትር፣ 20 ክፍተት 12 ሜትር፤ ድምሩ 28.6። ስለዚህ ግድግዳው የሚይዘው 19 ነው። 34 ለመስቀል ወደ 50 ሜትር ግድግዳ ያስፈልጋችኋል። ክፍተቱን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ማጥበብ መፍትሔ አይደለም፤ የገበያ መደርደሪያ ይመስላል።

ከፈለጋችሁ መሀል ላይ ኮምፔርሳቶ አቁሙ። አንዱ ጣውላ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱን በቁማቸው በማጠፊያ አያይዛችሁ እንደ መጽሐፍ 90 ዲግሪ ስትከፍቷቸው ያለ ድጋፍ ይቆማሉ፤ ከውስጥም ከውጭም አራት ሥራ ይይዛሉ። ሁለት እንዲህ ያለ ካቆማችሁ 8 ሥራ ይጨምራል፤ 27 ደረሳችሁ። ከዚያ በላይ አታቁሙ። ለ60 በ80 ሥዕል ተመልካቹ 2 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መቆም አለበት፤ 8 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ሦስተኛው ጥንድ ጣውላ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ሰባቱ ሥራ ይቅር። ማን የማንን ያስቀር የሚለው ጠብ ስለሚያመጣ በዐውደ ርዕዩ የማይሳተፍ፣ ዓይኑን የምታምኑት አንድ ሰው ይምረጥ፤ ሥዕሎቹ የማን እንደሆኑ ሳያውቅ ቢሆን ደግሞ ይበልጣል።

ሚስማር ከተከለከለ በ5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ እንጨት በር የሚመስል ማቀፊያ አሠሩ፤ ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ከ10፣ እግሩ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የወጣ። ግድግዳው ላይ አስደግፉት። ከጀርባው ስፖንጅ ካልለጠፋችሁበት የግድግዳውን ቀለም ይፍቀዋል፣ የአዳራሹ ኃላፊም ያስከፍላችኋል። አንዱ ማቀፊያ ሁለት ባለ 80 ሥራ ይይዛል። ለትልልቆቹ ሁለት ማንጠልጠያ አድርጉ፤ በአንድ ማንጠልጠያ የተሰቀለ ሰፊ ሥዕል ሰው በነካው ቁጥር ይዘማል።

ከፍታው ከወለል እስከ ሥዕሉ መሀል 150 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሥዕሉ 60 ቁመት ካለው ጫፉ 180 ላይ ይሆናል። ከኋላ ያለው ሽቦ ሲሳብ 5 ሳንቲ ሜትር ከጫፉ ዝቅ ካለ መንጠቆው 175 ላይ ነው፤ ከሞራሌው የሚወርደው ሽቦ 35 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በዓሣ ማጥመጃ ክር አትስቀሉ። ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ቀስ እያለ ይፈታል፤ ማለዳ ሥዕሉን ወለል ላይ ታገኙታላችሁ። የተፈተለ ቀጭን የብረት ሽቦ ተጠቀሙ።

መብራቱ ነጭ ሰማያዊ አይሁን፤ ከ3000 እስከ 4000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ያለው ኤልኢዲ ቀለሙን አይገድለውም። ጣሪያው 3 ሜትር ከሆነ አምፖሉ ከግድግዳው 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ፤ ከዚያ ከቀረበ የብሩሹ እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል፣ ከራቀ ደግሞ ተመልካቹ በገዛ ጥላው ሥዕሉን ይሸፍናል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የመክፈቻውን ሰዓት በቀን ብርሃን ያደረግሁት ለዚያም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ማፍላቱ የግድ ነው፣ ጅማ ላይ ያለ ቡና እንግዳ አይጠራም። ግን ከሰሉና ዕጣኑ በረንዳ ላይ ይሁን። ገና ቫርኒሽ ያልተቀባ ዘይት ቀለም ላይ ጢስ ይይዛል።

ጅሬን ማዶ፦
ስለ ሆቴሉ፦ «ሲያልቅ እከፍላለሁ» የሚለውን አትቀበሉ። ትልቅ ሸራ ገንዘቡን የሚበላው ገና ሳይጀመር ነው፤ እንጨት፣ ሸራ፣ ቀለም። የተለመደው አካሄድ 40 በመቶ ቀብድ ሲፈራረሙ፣ 30 በመቶ ንድፉና የቀለሙ የመጀመሪያ ድርብ ሲታይ፣ 30 በመቶ ሲረከቡ ነው። ንድፉን በወረቀት አሳዩና ያስፈርሙበት። ነፃ እርማት ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ይላል፣ ባለቤቱ ሌላ፣ የባለቤቱ ወንድም ደግሞ «ሰማዩ ትንሽ ይጨለም» ይላል፤ ማለቂያ የለውም። ሐሳብ የሚሰጠው አንድ ሰው እንዲሆን ስሙን ውሉ ላይ አስገቡ።

ፎቶውን ማን እንዳነሳው ጠይቁ። ከኢንተርኔት የወረደ ከሆነ ፎቶውም ባለቤት አለው። ቤተ መንግሥቱ ያለው እዚሁ ጅሬን፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በአካል ሄዳችሁ የእንጨቱን ምሰሶና በረንዳውን ንደፉ። ከአንድ ፎቶ የተገለበጠ ሥዕል በከተማው በየሆቴሉና በየካፌው ተመሳሳይ ሆኖ ይገኛል፤ ሆቴሉም ያው ሁሉም ያለው ነገር እንዲኖረው ገንዘብ አያወጣም።

ከሁሉ የሚረሳው የቅጂ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ በሰዓሊው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ነገር ግን በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ ውሉ ዝም ካለ የኢኮኖሚ መብቱ ወደ አዘዘው ወገን ሊሄድ ይችላል። «ሆቴሉ ሸራውን ይወስዳል፤ የማባዛት መብቱ የሰዓሊዎቹ ነው፤ ለካሌንደር፣ ለምናሌና ለማስታወቂያ ለመጠቀም በጽሑፍ ይስማማሉ» ብላችሁ በግልጽ አስፍሩ። በተጨማሪ ለዐውደ ርዕይ ሲፈለግ እስከ 30 ቀን እንዲያውሳችሁ አንድ መስመር ጨምሩበት። የተሸጠ ሥራን መዋስ ቀላል የሚመስለው እስከምትጠይቁ ድረስ ነው።

ድርጅት ያለ ደረሰኝ ክፍያ ስለማይፈጽም የግብር መለያ ቁጥራችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሁለት ብሩሽ፦
ወጪን በሰው ቁጥር መካፈል የወዳጅነት መቅሰፍት ነው። በሜትር ተካፈሉ። ለምሳሌ የአዳራሽ ኪራይ፣ ሞራሌ፣ ኅትመትና መስተንግዶ 24,000 ብር ቢሆንና የምትጠቀሙበት ግድግዳ 30 ሜትር ቢሆን አንዱ ሜትር 800 ብር ነው። 12 ሜትር የወሰደው 9,600፣ 10 የወሰደው 8,000፣ 8 የወሰደው 6,400 ይከፍላል። መግቢያው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ግን በሜትር አይለካም፤ እሱን በዕጣ አውጡ። ሁሉም ያን ግድግዳ ይፈልጋል፣ እኔ አልፈልግም የሚለውም ጭምር።

ሽያጩ ለየራስ ይሁን፤ ነገር ግን እንግዳ የሚያስተናግደው ሰው በየቀኑ ከሽያጭ ነፃ ሆኖ የሦስቱንም ሥራ እኩል ያስረዳ። የራሱን ብቻ የሚያሻሽጥ ተረኛ ካለ ቡድኑ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል።

ዋጋ ላይ፦ በካሬ ሜትር አታስሉ፤ ትልልቁ ሥዕል ገዢ የሚያሸሽ ዋጋ ይደርሳል። ወርድና ቁመቱን ደምሩና በአንድ ቁጥር አባዙ። ቁጥሩን ለምሳሌ 60 ብር ብንለው 60 በ80 ያለው 140 ሲባዛ በ60፣ 8,400 ብር ነው። 1 ከ50 በ1 ሜትር ያለው 250 ሲባዛ በ60፣ 15,000። ቁጥሩን እናንተው በወጪያችሁ አስተካክሉት፤ ግን ሦስታችሁም ዋጋችሁን ከመክፈቻው በፊት ጽፋችሁ ጨርሱ። ጋለሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይወስዳል። 40 ቢወስድ ከ8,400ው 5,040 እጃችሁ ይገባል። ጅማ ላይ በ5,000 ሸጣችሁ አዲስ አበባ 8,400 ብትሉ ጋለሪው ሲሰማ ሥራችሁን ይመልሳል። ዋጋው በሁለቱም ከተማ አንድ ይሁን።

የአዌቱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ቀረን፦ ከሥራዎቹ አንዳንዱ በክረምት ሸራው ረግቧል፣ ሁለቱ ጀርባቸው ላይ ነጭ ሻጋታ ይዘዋል። ለአዲስ አበባው ደግሞ ጠቅልለን ብንወስድስ?

የሸራ ሰው፦
የረገበው በበጋ በከፊል ራሱ ይመለሳል፤ አሁን ጀርባውን በውኃ አታርሱት። አቡጀዴ ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተርና ቀለሙን ይሰነጥቃል። ሸራው የተወጠረበት ማቀፊያ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነበረ ችግሩ ከእንጨቱ ነው፤ ይጣመማል። በርጩማ የሚሠሩት የጅማ አናጢዎች ጋ የደረቀ ዋንዛ ጠይቁ፤ ቀላል ነው፣ ቅርፁንም ይጠብቃል። የማቀፊያው የውስጥ ጠርዝ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ይላግ፤ ካልሆነ ሸራው ላይ መስመር ያትማል። ወርዱ ከ1 ሜትር ከበለጠ መሀል ላይ ደጋፊ እንጨት ያስፈልገዋል።

ሻጋታውን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ውጭ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። በረኪና አይነካው። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው አይቀመጡ፤ ከታችኛው ሁለት ማዕዘን ጀርባ የቡሽ ቁራጭ ለጥፉና አየር ይተላለፍ። በክረምት በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታን መቀለብ ነው።

ጅሬን ማዶ፦
መጠቅለሉን በተመለከተ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በፕላስቲክ የቧንቧ ቱቦ ላይ ከተጠቀለለ ጥሩ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ለሚሄድ ከማቀፊያ ጋር ከመጫን ይቀላል።

የሸራ ሰው፦
ለአክሪሊክ እስማማለሁ፤ ቱቦው ግን ባለ 110 ሳይሆን ባለ 160 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ቀጭኑ ወፍራም ቀለምን ይሰነጥቃል። ዘይት ቀለም ከስድስት ወር ካነሰ አይጠቀለልም። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ከመሸፈኛው ጋር ይጣበቃል። እነዚያን በማቀፊያቸው ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጓቸው፤ በአራቱ ማዕዘን ወፍራም ካርቶን አስገብታችሁ እንዳይነካኩ አራርቋቸው፣ በንጹሕ አቡጀዴ ሸፍኑና በላዩ ባለ አረፋ ላስቲክ ጠቅልሉ፣ አረፋው ወደ ውጭ። ወደ ሥዕሉ ከዞረ በየቀለሙ ላይ ክብ ክብ ያትማል። አውቶቡስ ላይ ተኝተው ሳይሆን በጠርዛቸው ቆመው ይጫኑ፤ ከተኙ የሌላ ሰው ጆንያ ላያቸው ላይ ይወጣል።