የቡኒ ስፌት ትንሽ አብጧል፤ እናቴ ደግሞ ቡና ነስንሺበት ትላለች

የቡኒ አሳዳጊ፣ ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡኒ የ7 ወር ቡችላ ናት። ሐሙስ ዕለት እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች፤ ዛሬ ሰኞ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እንቅልፍ ጥሏት ዋለ። ከዚያ ነቃች፣ በላች፣ ደስ አለኝ። ትናንት ግን ምግብ ልስጣት ብዬ ስፌቱን እንዳትልስ የተደረገላትን የአንገት መከለያ አወለቅኩላት። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ስፌቱን ስትልስ ደረስኩባት። ዛሬ ጠዋት በታችኛው ጫፍ ሽንብራ የምታህል እብጠት አየሁ። ቀላ ብሏል። መግል የለውም፣ አይሸትም። ክሩ 6 ቦታ ነው፤ አንዱም አልተበጠሰም።

ቤታችን ቆጪ ሰፈር ነው፤ በዚህ በሐምሌ ግቢው ጭቃ ብቻ ነው። ለሽንት ስትወጣ ሆዷ ይነካል። እናቴ ደግሞ ቡና ወቅጣ ይዛ ትከተለኛለች፤ «ነስንሺበት፣ ያደርቀዋል» ትላለች። እኛንም ልጅ ሆነን ስንቆረጥ በዚሁ ነው ያከመችን። ቡኒን ከእኔ በላይ ትወዳታለች፤ እምቢ ማለት ከበደኝ። ቀጠሮዬ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ምን ላድርግ?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
እህቴ፣ በዚህ ቀን ትንሽ መቅላትና ጠንከር ያለች እብጠት ብዙ ጊዜ ይታያል። ሰውነቷ ከውስጥ ያለውን ክር ሲቀበል የሚመጣ ነው። አትጫኚው። ጠዋትና ማታ እዪው፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺና አወዳድሪ።

ቡናውን ግን በፍጹም። ዱቄቱ ክሩ መሃል ገብቶ ይቀራል፣ ቁስሉን ያቆሽሻል። አልኮልም አታስነኪ፤ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላል። ጭቃ ከነካት አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ውሃ ንጹሕ ጨርቅ አርጥበሽ ዙሪያውን ጥረጊ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂ። እስከ 14 ቀን መታጠብ የለም፣ ሩጫና ዝላይም የለም። አመማት ብለሽ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትሰጫት፤ የሰው ማስታገሻ ውሻን ሊገድል ይችላል።

እብጠቱ ካደገ፣ ሲነካ ለስልሶ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ መግል ወይም ሽታ ከመጣ፣ ወይም ምግብ እምቢ ካለች ቀጠሮ አትጠብቂ። የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ክሊኒክ እዚያው ጅማ ነው፤ ይዘሻት ሂጂ።

የሁለት ውሾች አሳዳጊ፦
መከለያውን ስትበላም አታውልቂው። ሳህኑን ዝቅ ባለ ድንጋይ ላይ አድርጊላት፣ ትለምደዋለች። የኔዋ መከለያ አልፈልግም ስትል የልጄን አሮጌ ቲሸርት አለበስኳት። ጭንቅላቷ በአንገቱ፣ የፊት እግሮቿ በእጅጌው ይገባሉ፤ የቀረውን ጀርባዋ ላይ ቋጥሪው። ለሽንት ስትወጣ ቋጠሮውን ፍቺና ከፍ አድርጊው፤ ከረጠበ ወዲያው ቀይሪው። ለጭቃው ከበሩ እስከምትሸናበት ድረስ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፊ። በገመድ ይዘሽ ውጪ።

የቡኒ አሳዳጊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እብጠቱ በ3 ቀን ጎደለ። ዛሬ ክሩ ወጣላት፤ ያለምንም መግል ተዘግቷል። ለእናቴ የሐኪሙን መልስ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና ቡናውን ወደ ሙዳዩ መለሰችው። ቲሸርቱን በየቀኑ ስትቀይርና ስታጥብ የከረመችው እሷ ናት።