ተከታይ አለኝ፣ ሠልጣኝ ግን አይቆይልኝም፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ያወቀኝ ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ በምለቃቸው የስፖርት ቪዲዮዎች ነው። አሁን በክፍያ የኦንላይን ሥልጠና ጀምሬያለሁ። ተመዝጋቢ አላጣሁም። የጨነቀኝ ሰው መጥቶ ቶሎ መሄዱ ነው።

አብዛኛው የሚመጣው ቦርጩን ባጭር ጊዜ ለማጥፋት ነው። ሲትአፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለት) ብቻ በመሥራት የሆድ ስብ ተለይቶ እንደማይጠፋ እነግራቸዋለሁ። ደስ አይላቸውም። ፕሮግራም የማወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ከሚመክረው ተነስቼ ነው፦ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ። የሚያነሱትንም ክብደት የምጨምርላቸው ቀስ በቀስ ነው። ይሄ ደግሞ ለቪዲዮ አይማርክም። ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሲሠሩ ተረከዛቸው እንዳይነሳ፣ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ደጋግሜ አርማለሁ። ለእኔ ዋናው ሥራ እሱ ነው፤ ለእነሱ ግን አሰልቺ ሆነባቸው።

በቅርቡ አንዲት ሠልጣኝ ጉልበቷን ስትይዝ በካሜራ አየኋት። ሐኪም ሳያይሽ አንቀጥልም አልኳት። ተቀይማ ሌላ ጋ ሄደች። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምላት።

እንደ እኔ ያሰለጠናችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ውሸት ቃል ሳልገባ ሰውን እንዴት ላቆይ? በትንንሽ ቡድን ማሠልጠን ይሻላል ወይስ አንድ ለአንድ? በሰውነታቸው ኪሎ ፋንታ የሚያነሱትን ክብደትና የወገብ ልካቸውን እየመዘገብኩ ባሳያቸው ለውጡ ይታያቸው ይሆን? የሞከራችሁትን በዝርዝር ንገሩኝ።