ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ የድሮ ላፕቶፕ ቦርድ ማን ጋር ይወሰዳል?

ጥያቄ

ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ሥራ ላይ እያለ ይጠቀምበት የነበረ ቶሺባ ቲ1000 እቤት አለ። ሲሰካ አይነሳም። አንድ ኮምፒውተር ቤት ወስጄው ሳይከፍቱት «ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው» ብለው መለሱኝ። አዲስ አበባ ከመላኬ በፊት እዚሁ ጅማ ቦርድ የሚነካ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ

እህቴ፣ ኮምፒውተር ቤቱን ተይው። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። የዛሬ ኮምፒውተር ቤት ዋና ሥራው ዊንዶውስ መጫን፣ ራም መጨመር፣ ስክሪንና ኪቦርድ መቀየር ነው። ቦርድ ከሞተ ሌላ ቦርድ ፈልገው ይገጥማሉ። ላንቺ ማሽን የሚሆን ቦርድ ከየት ይምጣ? ቲ1000 እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው። ሜሞሪው 512 ኪሎባይት ነው፣ ሃርድ ዲስክ የሚባል ነገር የለውም። ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ኤምኤስ ዶስ 2.11፣ ቦርዱ ላይ ሮም በሚባል የማይጠፋ ሜሞሪ ቺፕ ውስጥ ተቀምጦለታል። እንዲህ ያለውን ዕቃ መጠገን እንጂ መቀየር አይቻልም።

ስለዚህ የኔ ምርጫ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ሬዲዮ ሲፈቱ ሲገጥሙ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች አሁንም ይገኛሉ። እነሱ ዕቃውን በስሙ አያውቁት ይሆናል። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ)፣ ዳዮድና ትራንዚስተር ግን ያውቃሉ። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በነዚሁ ነው።

ጎበዙን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል። «ጋሼ፣ ካፓሲተር ሲቀይሩ ቮልቱ ከበፊቱ ቢበልጥ ችግር አለው?» በያቸው። «የለውም፣ ማይክሮፋራዱ (የሚይዘው መጠን) ግን እኩል ይሁን፣ ቮልቱ እንዳያንስ» ካሉሽ ቁጭ በይ። 105 ዲግሪ ሙቀት ይችላል ተብሎ የተጻፈበትን ከ85ቱ አስበልጠው የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። «ያለውን እንገጥማለን» የሚል ከገጠመሽ አመስግነሽ ውጪ። ከሞተ ቴሌቪዥን ላይ ነቅሎ ሊገጥም የሚልም አለ። አትፍቀጂ፤ ያረጀ ካፓሲተርን በሌላ ያረጀ መተካት ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ነገር ግን አስታውሺያቸው። በርሜል የሚመስለው ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ኔጌቲቩን ያሳያል። ታንታለም የሚባለው ትንሹ ዓይነት ላይ ግን መስመሩ ፖዘቲቩ ነው። የቴሌቪዥን ሰው በልማድ ገልብጦ ከገጠመው ታንታለሙ ይፈነዳል፣ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል።

ሞባይል ሠሪዎቹስ? እጃቸው ረቂቅ ነው፣ ማይክሮስኮፕም አላቸው። ባትሪ ፈሶ የቦርዱን መስመር በልቶት ከሆነ በቀጭን ሽቦ የሚያገናኙት እነሱ ናቸው፣ በዚህ ሥራ ማንም አይደርስባቸውም። የምፈራው ሆት ኤሩን (ሙቅ አየር የሚነፋውን መሣሪያ) ነው። የሞባይል ቦርድ የለመደ ሰው ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ሲለቅበት የድሮው ፕላስቲክ ሶኬት ይቀልጣል፣ መስመሩም ከቦርዱ ይላቀቃል። የምትሰጪያቸው ከሆነ «በሶልደር ብረት ብቻ፣ ሆት ኤር አይነካውም» ብለሽ ቀድመሽ ተስማሚ። የሚቀልጠው የሶልደር ሽቦም እርሳስ (ሊድ) ያለው ይሁን። እርሳስ ያለው 63 በ37ቱ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እርሳስ የሌለው ግን ከ217 በላይ ይፈልጋል። ለአሮጌ ቦርድ ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኤሌክትሪካል የሚማር ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለሽም አትናቂው። ለብየዳው ሳይሆን ለመለካቱ። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪኩን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) የሚያገኝ ሰው ክሎኩ፣ ማለትም የማሽኑን ምት የሚሰጠው ክፍል፣ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ወዲያው ይነግርሻል፣ ይህን ቴስተር አይነግርሽም። አዲስ አበባን ለመጨረሻ አቆዪው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና እየተንገጫገጨ የሚሄድ አሮጌ ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ሊመለስ ይችላል። ከዚያ የጎደለ ዕቃ ብቻ አስመጪ።

አሁን ገንዘብ ሳታወጪ እቤትሽ የምታዪው ነገር አለ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነና 120 ቮልት ብቻ ካለ እኛ 220 ላይ አትሰኪው። እስካሁን ተሰክቶ ከነበረ መጀመሪያ የተቃጠለው አዳፕተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሌላ አዳፕተር ስትገዢም ቮልቱን ብቻ አይተሽ እንዳትሸወጂ። የጫፉ መሃል ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ የሚለው ሥዕል ማሽኑ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት።

ሌላው ስክሪኑ ነው። ይሄ ማሽን ከኋላ የሚያበራ መብራት የለውም። ኮንትራስቱ ዝቅ ብሎ ከሆነ ሠርቶም የሞተ ይመስላል። መስኮት አጠገብ ውሰጂውና ማስተካከያውን ወዲያና ወዲህ አዙሪው። ፍሎፒም አያስፈልግሽም፣ ዶሱን ከራሱ ሮም ያነሳል።

ጠጋኙ «ዲያግራም የለኝም» ካለ አትበሳጪ። 74 ብለው የሚጀምሩ ቺፖች አሉ። 14 እግር ያለው በአብዛኛው በ14ኛው እግር 5 ቮልት ይገባዋል፣ 7ኛው ግራውንድ ነው። 16 እግር ከሆነ 16 እና 8። በቴስተር እዚያ ላይ ይለኩ። ከ4.75 እስከ 5.25 ከሆነ ፓወሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ወደ ውስጥ ነው። ምንም ከሌለ ወይም 3 ምናምን ካለ ፓወሩ ላይ ይቆዩ። መብራት ከመስጠታቸው በፊት ግን በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል ሾርት እንዳለ ይፈትሹ። ይሄን ሳያደርግ የሚሰካ ጠጋኝ ጋር አትቆዪ።

የፍተሻና የጥገና ዋጋ ለየብቻ ተነጋገሪ። ከመፈታቱ በፊት ፎቶ አንሺ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ መልሱልኝ በዪ፣ ባትሪውንም ጭምር። ኒኬል ካድሚየም ስለሆነ ቆሻሻ ላይ አይጣልም፣ እሳት ውስጥማ ጨርሶ። ሐሙስ አትሂጂ፣ ገበያ ነው፣ ማንም ጆሮ አይሰጥሽም።

ሌላ መልስ

ወንድሜ፣ ሞባይል ሠሪውን ትንሽ አሳነስከው። እኔ ሙያዬ እሱ ነው። ሆት ኤር የሚጎዳው ዝም ብሎ ሲለቀቅ ነው። ዙሪያውን ሙቀት በሚችል ቴፕ ሸፍኖ፣ ፍላክስ (ብየዳውን የሚያቀላጥፈውን ቅባት) አድርጎ፣ ቀስ ብሎ የሚያሞቅ ሰው ሶኬት አያቀልጥም። እንደውም ብዙ እግር ያለውን ቺፕ በሶልደር ብረት ብቻ ልንቀል ብሎ ታግሎ መስመር የሚቀድ ብዙ ነው። በካፓሲተሩ ግን ካንተ ጋር ነኝ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ትሂድ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከፈትኩት። ባትሪው አጠገብ አረንጓዴ ነገር አለ። እንዳለ ልውሰደው ወይስ ላጽዳው? እቤት ያለው 70 በመቶ አልኮል፣ ሎሚና ቲነር ነው።

መልስ

አረንጓዴው መዳብ የተበላበት ነው። የኛ ከተማ እርጥበት ደግሞ ያባብሰዋል፣ ስለዚህ ክረምቱ እስኪወጣ አታቆዪው። መጀመሪያ ባትሪው ተነቅሎ ይውጣ፣ ጓንት አድርጊ። ቲነሩን አርቂው፣ ፕላስቲክ ይበላል፣ በቺፑ ላይ ያለውንም ጽሑፍ ያጠፋል። ሎሚም አልመርጥም፣ ስኳሩ እየተጣበቀ ይቀራል። የባትሪው ፈሳሽ አልካሊ ስለሆነ ነጭ አቼቶ ግዢ። በጥርስ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጊ፣ መፍላቱ ሲያቆም በቃ። ከዚያ አቼቶው እንዳይቀር በተጣራ ውሃ እጠቢው። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ውሃ ይሆናል፣ ግን አሲዱን እንዳይሰጡሽ ጽሑፉን አንብቢ። በመጨረሻ አልኮሉን። 70 በመቶው ውስጥ ውሃ ስላለ ቶሎ አይደርቅም። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ ያለበት ቦታ ሁለት ቀን አቆዪው። ሳይደርቅ እንዳይሰካ፣ ጠጋኙም ቢቸኩል።