37 ዓመት፣ 9 እንቁላል፦ ልድገም ወይስ ይብቃኝ?

ቤቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም እህቶች። 37 ዓመቴ ነው፣ ትዳር የለኝም። በቅርቡ እንቁላሌን አውጥቼ አስቀዘቀዝኩ። 13 ወጣ፣ ለማስቀመጥ የደረሰው ግን 9 ነው። ሐኪሜ አንድ ዙር ብደግም ይሻላል አለችኝ። ይኼኛው ከነመድኃኒቱ 15 ሺህ ዶላር ገደማ በልቶብኛል፤ ኢንሹራንሴ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። የቀረችኝ ለቤት ቅድመ ክፍያ የያዝኳት ናት። በ9 ምን ያህል ተስፋ አለኝ? ተመልሳችሁ የተጠቀማችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። «እግዜር ያውቃል» የሚሉኝ አክስቶች ሞልተውኛል፤ እናንተ ቁጥሩን ንገሩኝ።

ማሂ፦
ቤቲዬ፣ የምሠራው አይቪኤፍ (ከማህፀን ውጭ ፅንስ የሚፈጠርበት) ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ነገሩ በየደረጃው እየተንጠባጠበ ነው የሚሄደው። 9ኙ ሲቀልጡ 7 ወይም 8 ይተርፋሉ። እያንዳንዱ ውስጥ አንድ የወንድ ዘር በቀጭን መርፌ እናስገባለን፤ 5 ወይም 6 ይፀነሳሉ እንበል። እስከ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ቀን የሚዘልቁት 2 ወይም 3 ናቸው። በ37 ዓመት ደግሞ ከነሱ ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ችግር ይኖርባቸዋል። እጅሽ ላይ የሚቀረው አንድ ጤነኛ ፅንስ ገደማ ነው፤ እሱም ማህፀን ገብቶ ሁሌ አይይዝም።
ቦስተን ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ስሌት አለ። ቢያንስ አንድ ልጅ የመውለድ ዕድሏ 75 በመቶ እንዲሆን፣ በ34 ዓመቷ ያስቀመጠች 10 እንቁላል ያስፈልጋታል። በ37 ከሆነ 20፣ በ42 ከሆነ 61! ሐኪምሽ ድገሚ ያለችሽ ለዚህ ይመስለኛል።

አስናቀች፣ ነታንያ፦
እኔ ተመልሼ ተጠቅሜበታለሁ። እዚህ እስራኤል ሕመም ባይኖርብሽም ከ30 ዓመት ጀምሮ ማስቀመጥ ይፈቀዳል። እኔ በ39 ነው ያስቀመጥኩት፣ 11 ነበሩ። ሲቀልጡ 8 ተረፉ፣ ፅንስ የሆኑት 2፣ አንዱም አልያዘም። ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ክሊኒኮቹ «ዋስትና ነው» እያሉ ሲያወሩ ግን ደሜ ይፈላል። ዋስትና አይደለም፣ ዕድል ነው የምትገዢው።

ቲጂ፣ ዳላስ፦
እኔ ደግሞ በ35 አስቀመጥኩ፣ ከዚያ አግብቼ ያለ ምንም እርዳታ ወለድኩ። ብዙዎቹ ሴቶች ያስቀመጡትን ተመልሰው አይነኩትም። የማስቀመጫው ኪራይ ግን በየዓመቱ ይመጣል፣ እሱንም ደምሪው።
ብትደግሚ ለሁለተኛ ዙር ቅናሽ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ይቀንሳሉ። መድኃኒቱንም ክሊኒኩ የላከሽ ፋርማሲ ብቻ አትግዢ፤ ዋጋው ከቦታ ቦታ ሰማይና ምድር ነው። መሥሪያ ቤትሽንም ጠይቂ። የኔ ባልደረባ ጥቅማ ጥቅሟ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው ከፍላ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ሊያ፦
ክሊኒክ ትቀይሪ እንደሆነ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ «እናንተ ጋ ከቀለጠው እንቁላል ስንት ልጅ ተወለደ?» ስንት አወጣን፣ ስንት አስቀመጥን የሚለውን ሁሉም ይነግርሻል። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 የ543 ሴቶችን ውጤት አውጥቶ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው ሲያስቀምጡ 38 ነበር፤ የወለዱት 39 በመቶ ናቸው። ከ38 ዓመት በፊት አስቀምጠው 20 እና ከዚያ በላይ ካቀለጡት ግን 70 በመቶው ወልደዋል።

ቤቲ፦
ተባረኩ። ማሂ፣ የእንቁላል ክምችት የሚጠቁመው የደም ምርመራዬ (ኤኤምኤች) 1.4 ነው። ሁለተኛው ዙር ከዚህ የተሻለ ይሰጠኛል?

ማሂ፦
ኤኤምኤች ብዛቱን ይጠቁማል፣ ጥራቱን አይነግርሽም። ጥራቱን የሚወስነው በዋናነት ዕድሜ ነው። የመድኃኒቱን መጠን ካስተካከሉት ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ እጥፍ ይሆናል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ሌላ 9 ብታገኚ 18 ነው፣ ለ20 ትንሽ ነው የሚጎድለው። የምትደግሚ ከሆነ 38ን ሳትሻገሪ አድርጊው። ገንዘቡ ካስጨነቀሽ የቤቱ ይቆይ ወይስ ይኼ የሚለውን አንቺው ነሽ የምታውቂው፤ እኔ ብሆን ግን ቤቱን አቆየው ነበር።